ፍሬኑ የተፈታው ክሬን

ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሰው ሁሉ ልብሱን ከገመድ ላይ ይሰበስባል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ አቧራው እስኪያልፍ ፊቱን ይሸፍናል። እማማ መሪያም ግን ልብሱም ይብረር፣ መስኮቱም ይሰበር፣ ሳቢያን ካለው ግቢያቸው መሐል ቆመው ወደ ሰማይ ነው የሚያዩት። ሰማይ ላይ ክሬን አለ። ክሬኑ ላይ ደግሞ ኑርሀን አለች።

ኑርሀን የልጃቸው ልጅ ናት። እናቷ ጅቡቲ ለሥራ ከሄደች ወዲህ እሳቸው እጅ ላይ ያደገች፣ ከአልጋ እንዳትወድቅ ተብሎ ፍራሿ መሬት ወርዶ የተኛች ልጅ ናት። ይህችው ልጅ አድጋ አዲስ አበባ ሄደች፣ ሥልጠና ወሰደች፣ ተመልሳ መጣችና በከተማው ካለው ነገር ሁሉ በላይ የሚታየው ብረት ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። "ጥፋቱ ከፍራሹ ነው" ይላሉ እማማ መሪያም፤ "ከፍታ እንዳማራት አደገች።"

ክሬኑ የሚሠራው ሆቴል ነው። ባለቤቱ የድሬዳዋ ረጅሙ ሕንጻ የእኔ ካልሆነ ብሎ የተነሣ ሰው ነው። ሌላ ሰፈር የሚገነባ ሌላ ባለሀብት አንድ ፎቅ ጨመረ ሲባል እሱም ይጨምራል። እማማ መሪያም ከሶላት በኋላ ለዘመድ ለወዳጁ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ፣ ለማያውቁት ለዚያ ለሌላው ባለሀብትም ያደርጋሉ። "ያ ረቢ፣ ያለው ይብቃህ በለው። እሱ ሲያርፍ ይሄኛውም ያርፋል።"

ዱዓ ብቻ ቢሆን ማን ይቀየማቸው ነበር? ግን ነፋስ ሲነሣ ጃንጥላ ይዘው፣ ሙቀት ሲበረታ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው፣ ምንም ነገር ሳይኖር ሲቀር ደግሞ "ምንም ሳይኖር ልቤን ምን አስፈራው?" ብለው ወደ ሥራው ቦታ ይሄዱ ነበር። በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን ወደ ኋላ ይጥሉና ይጮኻሉ።

"ኑርሀን! ያዢ! በሁለት እጅሽ ያዢ!"

ላይ ያለችው አትሰማም። ታች ያለው ሠራተኛ ግን በሙሉ ደንግጦ አጠገቡ ያለውን ነገር ይይዛል። አንድ ቀን እንዲያውም ሲሚንቶ የተሸከመ ሰውዬ፣ ግድግዳውን ልያዝ ብሎ ከረጢቱን ለቀቀው። ከረጢቱ ኢንጂነር ኒቆዲሞስ እግር ሥር ወድቆ ተዘረገፈ።

ኢንጂነር ኒቆዲሞስ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የሥራው ኃላፊ የሆነ ወጣት ነው። ድሬዳዋ ትንሽ ትልቁ አንተ አንቺ ሲባባል እሱ ገና አልለመደውም፤ ሲቆጣም እንኳ "እርስዎ" እያለ ነው የሚቆጣው። ያን ቀን ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ሆኖ ወደ በሩ መጣ። አፉን ሊከፍት ሲል ስልኩ ጮኸ።

"አቤት እማዬ" አለ፣ ድምፁን አለስልሶ። "ቢሮ ነኝ። አዎ፣ ቁጭ ብዬ ነው። በልቻለሁ።" ዘጋው። ከዚያ ወደ እማማ መሪያም ዞረ። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ነገር እዚህ በር ላይ አንድ ቀን ቢደገም ኑርሀንን አዲስ አበባ ወዳለው ሥራችን አዛውራታለሁ።"

"እዚያስ ምን ትሠራለች?"

"ክሬን ነዋ!"

"ቁመቱ ይሄንን ያህላል?"

ኢንጂነሩ ዓይኑን ከሲሚንቶው ጠርጎ ሕንጻውን ቀና ብሎ አየው። "ይሄን?" አለ። "ይሄ እኮ እዚያ ያሉት አጠገብ ቢቆም ጉልበታቸው ጋ ነው።"

እማማ መሪያም ቤት እንደገቡ ኑርሀንን "የአዲስ አበባን ፎቅ በስልክሽ አሳዪኝ" አሏት። አሳየቻቸው። አንዱን ገፋ ስታደርገው ሌላው ይመጣል፣ ሁሉም መስታወት ለብሶ ደመና ይነካካል።

"ይሄ ነው ረጅሙ፣ አዬዮ" አለች ኑርሀን። አያቷን በሶማልኛው አዬዮ ነው የምትላቸው። "የባንክ ነው።"

"ሰው አለበት?"

"ሞልቶ! እጫፉ ድረስ ይሠሩበታል።"

"ምን አጥፍተው?"

"አቦ አዬዮ ደግሞ! እላይ ቢሮ የሚሰጠው እኮ ለትልቅ ሰው ነው።"

"ትልቅ ሰው ከሆነማ ለምን ምድር ቤት ወንበር አይሰጡትም?" አሉና ስልኩን ከፊታቸው አራቁት። ድሬዳዋ ያለው ከፍታ ይሻል እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው። "ወላሂ" አሉ፣ "ሁለተኛ ያን በር አልረግጥም። አንቺም ከዚህ እንዳትሄጂብኝ።"

ኑርሀንም በበኩሏ ከክሬኑ በወረደች ቁጥር ልትደውልላቸው ቃል ገባች።

ከዚያ ወዲህ እማማ መሪያም የሚያዩት ከግቢያቸው ሆነው ነው። የክሬኑ ክንድ ወደ ቀኝ ሲሄድ "ብረት ልታነሣ ነው" ይላሉ፣ ሲመለስ "አወረደች፣ አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። ማታ ስልኩ ይደወላል፣ ልጅቱ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ክሬኑ ለእሳቸው ተራ ብረት ነው፤ ቀና ብለውም አያዩት።

አንድ ዓርብ ግን ነገሩ ተበላሸ። ሲሚንቶ የሚያመጣው መኪና ደንገጎ ዳገት ላይ ተበላሽቶ ስለቆመ ሥራው ቀትር ላይ ተበተነ። እማማ መሪያም ይህን አላወቁም። የኑርሀን ስልክ ባትሪ ጨርሷል። ይህንንም አላወቁም። እሳቸው ከተማው ሁሉ በሚያርፍበት ሰዓት ጋደም ብለው ሳለ የግቢው በር በነፋስ ሲላተም ነቁ፣ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡና ወደ ሰማይ አዩ።

ክሬኑ ይዞራል። አዟዟሩ ግን የኑርሀን አይደለም። ወደ ተራራው ዞሮ ይቆማል፤ ትንሽ ያስብና ወደ ባቡር ጣቢያው ይመለሳል፤ እንደገና ሐሳቡን ይቀይራል። ቤቱ ገብቶ ለምን እንደገባ የጠፋው ሰው ነው የሚመስለው።

ደወሉ። ስልኩ ዝግ ነው። ደገሙ፣ ዝግ ነው።

"ሣህሉ!" ሲሉ በአጥሩ ላይ ጮኹ። "ሣህሉ ተነስ!"

አቶ ሣህሉ ጎረቤታቸው ናቸው፤ በሽርጥና በካናቴራ ኒም ዛፋቸው ሥር ጋደም ብለው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሚንቀሳቀስ ብረት ነገር ላይ በሰፈሩ ውስጥ እሳቸውን የሚከራከር የለም።

"ምን ተቃጠለ?"

"ክሬኑን እየው እስቲ!"

አቶ ሣህሉ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። "ፍሬን አልያዘም" አሉ።

"እና ምን ማለት ነው?"

"ሥራ ጨርሶ የወረደ ሰው ፍሬን ሳይዝ አይወርድም፣ መሪያም። እኔ ፍሬን ሳልይዝ፣ መንኮራኩሩ ሥር ታኮ ሳላስገባ ለሽንት እንኳ ወርጄ አላውቅም። ማሽን ፍሬኑ ተፈትቶ የሚዞር ከሆነ ሰው ውስጡ አለ ማለት ነው። ያ ሰው ደግሞ..." ብለው እንደገና ወደ ክሬኑ አዩ።

"ያ ሰው ደግሞ ምን? ጨርሰው እንጂ!"

"ደህና አይደለም።"

ሌላ ከተማ ቢሆን ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ "ነፋስ ነው" ይል ነበር። በዚህ ሰፈር ግን የባቡር ሠራተኛ ልጅ ያልሆነ የባቡር ሠራተኛ አማች ነው፤ ሁሉም ፍሬን ሳይያዝ የቀረ ፉርጎ ምን እንደሚያደርግ ሲሰማ ያደገ ነው። በየበሩ ብቅ ያለው ሁሉ ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። "እውነት ነው፣ ፍሬን አልያዘም።" "ድክም ብሏት ይሆናል።" "ሙቀቱ ነው፣ ብረት ውስጥ ተቀምጣ!" እያንዳንዱ ቃል እማማ መሪያምን አንድ እርምጃ ወደ ባጃጁ ገፋቸው።

ባለባጃጁ ዛኪር ነው፤ የሰፈሩ ልጅ። "አብሽሪ እማማ" አለ ሞተሩን እያስነሣ። "ነፋስ እኮ ነው የሚያዞረው።"

አቶ ሣህሉ ከኋላ ትከሻውን ነካ አደረጉት። "አንተ ባጃጅህን አቁመህ ስትወርድ የእጅ ፍሬን አትይዝም?"

"እይዛለሁ።"

"እህሳ!"

ዛኪር አሰበበትና ፍጥነት ጨመረ።

የሆቴሉ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ብቻውን ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫቱን ይዟል፤ ምርቃናው ገብቶለታል። እማማ መሪያም ባጃጁን ከመንገዱ ማዶ አስቆሙ። "ምያለሁ" አሉ። "በሩን አልረግጥም። አንተ ጠይቀው፣ እኔ ከዚህ እሰማለሁ።"

አቶ ሣህሉ ሽርጣቸውን አጥብቀው ተሻገሩ። "ወዳጄ፣ ላይ ሰው አለ?"

ዘበኛው ለጥያቄው የሚገባውን ክብር ሰጠ። አንገቱን አቅንቶ ብዙ አየ። "ላይ" አለ በመጨረሻ፣ "ማን እንዳለ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።"

"ምን አለ?" ሲሉ ጮኹ እማማ መሪያም ከማዶ።

"አላውቅም አለ!" ብለው መለሱ አቶ ሣህሉ። "ኑርሀን፣ ክሬን የምትነዳዋ፣ ወርዳለች ወይስ አልወረደችም?"

"ስትወጣ አይቻለሁ" አለ ዘበኛው። "እንዴት ነው የምትወጣው መሰለህ! ስትወርድ ግን... ሰው ሲወርድ ማን ያየዋል፣ አባቴ? የወጣን ነው ሰው የሚያየው።"

እማማ መሪያም ይህን ሰሙ። ከዚያ በኋላ ማንም ሊይዛቸው አልቻለም። "መሓላ ላፈረሰ ከፋራ አለው፣ ዐሥር ችግረኛ አበላለሁ!" እያሉ መንገዱን ተሻገሩ፣ ዘበኛውን አለፉ፣ አልረግጥም ብለው የማሉበትን በር ረገጡ። የክሬኑ መሰላል ቀጥ ብሎ ሰማይ ሲገባ አዩና አንዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ ሕንጻው ደረጃ ዞሩ።

ደረጃው መደገፊያ የለውም። ግድግዳውን በሁለት መዳፍ እየዳበሱ፣ ቢስሚላህ እያሉ፣ መሐል መሐል ላይ ደግሞ ሠሪዎቹን እየተራገሙ ወጡ። "መስኮት ሳይገጥሙ ፎቅ! የሰው ልጅ መውደቂያ!" አቶ ሣህሉ ከኋላ ተከተሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ውጭ አዩና ቁጭ አሉ።

"ምነው?" አሉ እማማ መሪያም።

"እኔ እዚህ ሆኜ ሁኔታውን እከታተላለሁ። እኔ የለመድኩት ወደ ፊት መሄድ ነው መሪያም፣ ወደ ላይ አይደለም።"

ብቻቸውን ቀጠሉ። ስንት ፎቅ እንደወጡ አላወቁም፤ ያኛው ባለሀብት የጨመረውን ሁሉ በእግራቸው አወቁት እንጂ። ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ሻሻቸውን ገፍፎ ወሰደው። በእጅና በጉልበታቸው እየዳኹ ሄደው ከወለሉ የቆመ የፌሮ ብረት አቀፉ። ከዚያ ነው ቀና ያሉት።

ክሬኑ ከእሳቸው በላይ ነበር። እየተንቀራፈፈ ዞረ፣ ዞረ፣ መስታወታማው ክፍሉ ወደ እሳቸው ተመለሰ። ውስጡ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ እሳቸው ራሳቸው የሰፉላት ትራስ አለ። ኑርሀን የለችም።

"ወደቀች!" ብለው ጮኹ። "ልጄ ወደቀች!"

ሬሳዋን ፍለጋ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከከፍታ ወደ ታች አዩ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ የባቡሩ ሐዲድ፣ እስከ ጀልዴሳ መንገድ ድረስ ያለው ሜዳ፣ የራሳቸው ግቢ፣ ገመዱ ላይ የረሱት ልብስ፣ ሁሉም እጅ መዳፍ ላይ እንደተቀመጠ ታያቸው። በሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ልጅ ፌስታል አንጠልጥላ እየሮጠች ስትገባ አዩ። አሯሯጧን ያውቁታል።

ኑርሀን ከታይዋን ገበያ ሻሽ ገዝታ ቤት ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ "አልሞትሽም እንዴ?" ብሎ ተቀበላት። እንደዚያው ተመልሳ ነው የመጣችው። ቀና ስትል፣ ከሕንጻው ጫፍ፣ ባዶ ራሷን፣ ድርያ ለብሳ ብረት ያቀፈች አሮጊት አየች።

"አዬዮ!" ብላ ጮኸች። "ያዢ! በሁለት እጅሽ ያዢ!"

ዘበኛው ደንግጦ የበሩን ብረት ያዘ። ዛኪር ባጃጁን ያዘ። አቶ ሣህሉ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የያዙትን ምሰሶ አጠበቁ።

እማማ መሪያም ልጅቱን በሕይወት ሲያዩ አልሐምዱሊላህ ብለው አለቀሱ። ኑርሀን እያለከለከች ደርሳ ስታቅፋቸው መጀመሪያ ያደረጉት ክንዷን መቆንጠጥ ነው።

"ፍሬን ሳትይዢ የምትወርጂ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?"

"ሆን ብዬ ነው የፈታሁት፣ አዬዮ! ሥራ ስንጨርስ እንፈታዋለን፤ ነፋስ ወደወሰደው እንዲዞር። ይዤው ብወርድ ነፋሱ ገፍቶ ይጥለዋል።"

"ሲያዝ ይወድቃል?"

"ይወድቃል።"

"ሲለቀቅ ይቆማል?"

"አዎ።"

እማማ መሪያም ከላያቸው የሚዞረውን ብረት ብዙ አዩት። "ይሄን ለሣህሉ ቀስ ብለሽ ንገሪው" አሉ። "ያመዋል።"

በዚህ መሐል ኢንጂነር ኒቆዲሞስ ተጠርቶ ደረሰ፤ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ትንፋሽ አጥሮታል። "እናቴ" አለ። "ሁለተኛ በሩን አልረግጥም ብለው መማልዎን ኑርሀን ነግራኝ ነበር።"

"ከፋራ አለው። እከፍላለሁ።"

"እኔም ያልኩትን እፈጽማለሁ። ኑርሀን ከሰኞ ጀምሮ አዲስ አበባ ነሽ።"

ኑርሀን ዓይኗን ከአያቷ ላይ አንሥታ ወደ ባዶው ወንበሯ ወሰደችው። እማማ መሪያም ይህን አዩና ብረቱን እንደገና አቀፉ።

"እንግዲያስ እኔም አልወርድም" አሉ። "ይቺን ልጅ ከዚህ ወደሚበልጥ ከፍታ? ይሄን አይቼዋለሁ፣ ወጥቼበታለሁ፣ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ላይ አታወጣትም!"

"ይነሡ እንጂ፣ ነፋስ ነው!"

"ሆቴልህን በእኔ ላይ ሥራው።"

ኢንጂነሩ እጁን ሊዘረጋ ሲል ስልኩ ጮኸ። አየው። ፊቱ ወዲያው የልጅ ፊት ሆነ። ጀርባውን ሰጥቶ፣ መዳፉን ስልኩ ላይ ከልሎ አነሣ።

"አቤት እማዬ... ቢሮ ነኝ... አይ፣ ምን ከፍታ? ምድር ላይ ነኝ... ድምፁ? የማራገቢያ ነው። ድሬዳዋ አይደል፣ ይሞቃል።"

ሲዞር የእማማ መሪያም ዓይን ከዓይኑ ጋር ገጠመ። አዛውንቷ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

"አገናኘኝ" አሉ፣ በሹክሹክታ።

"እባክዎን" አለ ኢንጂነሩ፣ እሱም በሹክሹክታ።

"ሀሎ፣ እህቴ!" ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ትቀራለች!" አለ ኢንጂነር ኒቆዲሞስ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ። "ኑርሀን ድሬዳዋ ትቀራለች፣ ሕንጻው እስኪያልቅ!"

"ወላሂ በል።"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ እናቴ።"

"በማርያም በላ!"

"በኪዳነ ምሕረት!"

እማማ መሪያም ስልኩን ከእጁ ወሰዱ። በማዶ ያለችው ሴት "ማን ነው? ልጄ ምን ሆነ?" ትላለች፤ ድምፅዋ ከፍርሃት የተነሣ ቀጥኗል። እማማ መሪያም ያን ድምፅ ያውቁታል፤ በየቀኑ በር ላይ ቆሞ ሲጮህ የከረመው የራሳቸው ድምፅ ነው።

"ልጅሽ ደህና ነው፣ እህቴ" አሏት። "እዚሁ አጠገቤ፣ ማራገቢያው ሥር ተቀምጧል። ቀጭኗል እንጂ ደህና ነው።"

የወረዱት ቁጭ እያሉ፣ አንድ አንድ ደረጃ ነው፤ ኑርሀን ከፊት፣ ኢንጂነሩ ከኋላ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አቶ ሣህሉን ሰብስበው ሄዱ። ኑርሀን የፍሬኑን ነገር ቀስ ብላ ነገረቻቸው። አቶ ሣህሉ ቤት እስኪደርሱ ከባጃጁ አንገታቸውን አውጥተው ክሬኑን ሲያዩ ሄዱ። በማግሥቱ ግን ክሬን ፍሬኑ ተፈትቶ እንደሚያድር ለሰፈሩ ሁሉ እየዞሩ አስረዱ፤ እሳቸውማ ድሮም ያውቁት ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ እማማ መሪያም ድስታቸውን በባጃጅ አስጭነው በሩ ላይ ደረሱ። ኢንጂነሩ አፉን ሲከፍት "ከፋራ ነው" አሉትና ለዐሥር የቀን ሠራተኞች ሩዝ በሥጋ አቀረቡ። ዘበኛው ሁለት ጊዜ በላ። እማማ መሪያም ወደ ላይ አንዴ ብቻ ነው ቀና ያሉት፤ እሱንም ሠራተኞቹ ሲጎርሱ።

ከዚያ በኋላ ነፋስ በተነሣ ቁጥር፣ ክሬኑም ባዶውን በዞረ ቁጥር፣ ለመንገደኛው ሁሉ "እየውልህ፣ ፈትታው ነው የወረደችው፣ ጎበዝ ናት" ይላሉ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግን ነፋስ ጨርሶ ጠፋ። ኑርሀን ገብታ እግሯን እየታጠበች ነው። እማማ መሪያም ግቢው መሐል ቆመው ቀና አሉ፤ ክሬኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ኑርሀን! ለምንድን ነው የማይዞረው?"

"ነፋስ የለማ፣ አዬዮ።"

"ፍሬኑን ፈትተሽዋል?"

"ፈትቼዋለሁ።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ!"

"እና ለምን ቆመ?"

ኑርሀን ሳቋን በፎጣው አፈነች። እማማ መሪያም ቤት ገቡ፤ ያን ከታይዋን ገበያ የመጣውን አዲሱን ሻሽ ይዘው ወጡና ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀሉት። ወንበር ስበው ሥሩ ተቀመጡ። አንዴ ሻሹን፣ አንዴ ክሬኑን እያዩ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚነቃነቅ ጠበቁ።